ኩታው የተገለጠበት ሰከንድ

ሰኞ፣ ሰኔ 11

አራት ሺህ ሰው! ከቁርስ በፊት! እስከ ትናንት ድረስ የቻናሌ ብቸኛ ታማኝ ተመልካች ባለቤቴ ሰዓዳ ነበረች፤ እሷም ድምፁን አጥፍታ።

ለታሪክ እንዲቀር ልመዝግበው። ትናንት እሑድ ከከሚሴ ሰንበቴ ከብት ተራ ሄጄ የሰዓዳን አጎት አያ ሰይድን ቀረጽኩ። አያ ሰይድ ደላላ ናቸው። እሳቸው ዘንድ ዋጋ በአፍ አይነገርም። ኩታቸውን በሻጩ እጅ ላይ ጣል ያደርጉና ከስር ጣቱን ይይዛሉ። የቱ ጣት፣ ስንት ጣት፣ ያ ቁጥር ነው። ቀጥሎ የገዢውን። ሁሉም ሰማይ ሰማይ እያዩ ይከራከራሉ። እኔ ደግሞ ከላይ በድምፄ «አሁን አውራ ጣት ተቆጣ፤ ትንሿ ጣት ለሽምግልና ገባች» እያልኩ ተረጎምኩት። ሙዚቃም አለው። ርዕሱ፦ «የሰንበቴ የጣት ምስጢር ተጋለጠ!!!» ሦስቱም ቃለ አጋኖ ታስቦባቸው ነው የገቡት።

ለአያ ሰይድ ግን «ለተማሪዎቼ ማስተማሪያ ነው» ብያለሁ። የጂኦግራፊ መምህር ስለሆንኩ ያምኑኛል። «ለልጆቹ ከሆነ ቅረጽ፤ የሻጩን ፊት ብቻ እንዳታሳይ» አሉኝ። አላሳየሁም፤ ፊታቸውን በጥንቃቄ አደበዘዝኩት። በዚህ በኩል ሕሊናዬ ንጹሕ ነው። (ከስሩ አስምሬበታለሁ።)

ማክሰኞ

ዛሬ አንድ ታላቅ ሳይንስ ተማርኩ። ተመልካች የትኛው ሰከንድ ላይ እንደሄደ፣ የትኛውን መልሶ እንዳየ የሚያሳይ መስመር አለ። የሌሎቹ ቪዲዮዎቼ መስመር ከተራራ ወደ ቆላ የሚወርድ መንገድ ነው፤ አንዴ ወርዶ አይመለስም። የዚህኛው ግን ሁለት ደቂቃ ከዐሥራ አራት ሰከንድ ላይ ሲደርስ ቀጥ ብሎ ይወጣል። ኮረብታ! ሰዉ እዚያች ቦታ ላይ ደግሞ ደጋግሞ ያያል ማለት ነው።

«የትንሿ ጣት ቀልድ ናት» ብዬ ሰዓዳን ጠራኋት።

ስልኩን ተቀብላ አየች። «ቀልድህ እኮ ከዚያ በፊት አልቋል» አለች።

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«ነፋሱ ነዋ።»

እውነቷን ነው። እዚያች ሰከንድ ላይ ነፋስ የኩታውን ጫፍ ይገልጠዋል። የአያ ሰይድ እጅ የሻጩን ጣቶች እንደያዘ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሰዉ የሚመላለሰው ጣት ለመቁጠር ነው። ከስር የተጻፈውን አስተያየትም አነበብኩ፦ «በሬ በዚህ ዋጋ? ሰውየው ምን ቢቸግራቸው ነው?»

አልሳቅሁም። ግን አልደመሰስኩትም። ዐሥራ አንድ ሺህ ደርሶ ነበር።

ረቡዕ

ከየት አገር እንደሚታይም ካርታ አለ። አንደኛ አገራችን፣ ሁለተኛ ሳዑዲ። ያው ግማሽ ከሚሴ እዚያ አይደል።

ከጂዳ ሀያት የምትባል ልጅ ጽፋለች፦ «ይሄ ቦቃ የኛ በሬ ነው፣ በቀንዱ አወቅኩት። አባዬ ለምን ሸጠው? እናቴ ደህና ናት? እባካችሁ የምታውቋቸው ንገሩኝ።»

እዚህ ላይ ውሸት ብጽፍ ለማን ብዬ ነው? አንብቤ መጀመሪያ ያሰብኩት፣ አስተያየት ሲበዛ ቪዲዮው ወደ ላይ ይወጣል የሚለውን ነው። እና ልብ ሰጠኋት። ያቺን ቀይዋን። ልጅቷ እናቷን ጠየቀች፣ እኔ ልብ ሰጠኋት።

የሰውየውን ፊት አደበዝዤ በሬውን በሙሉ ክብሩ አሳይቻለሁ። በኛ በጨፋ ሜዳ ሰው ከፊቱ ይልቅ በበሬው እንደሚታወቅ ረስቼ። ከዚሁ አገር ተወልጄ!

ሐሙስ

አያ ሰይድ ደወሉ። ሁልጊዜ «አካም ቡልተን» ብለው ስለ አዳራችን፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ዝናቡ ሳይጠይቁ ነገር አይጀምሩም። ዛሬ ሰላምታ የለም።

ሻጩ አባ ጀማል የጨፋ ሮቢት ሰው ናቸው። ሚስታቸው ታማ ደሴ ለማሳከም ነው የሸጡት። ሀያት ከሰማች ሥራዋን ጥላ ትመጣለች ብለው «ሁላችንም ደህና ነን» ሲሏት ከርመዋል። ትናንት ደውላ ስታለቅስ ነው የዋለችው።

«ኩታው ለማታለል ይመስልሃል?» አሉኝ። «በሰኔ በሬ የሚሸጥ ሰው ቸግሮት ነው። ችግሩን ገበያው እንዳይሰማበት ነው የምሸፍነው። አንተ የሰው ጓዳ ከፈትክ፤ ለዚያውም በሙዚቃ።»

«አያ ሰይድ፣ እኔ እኮ...»

«ተማሪዎችህ ተማሩበት?»

ዘጉት።

ደመሰስኩት። ስልኩ «እርግጠኛ ነህ?» ብሎ ጠየቀኝ። እሑድ ስለጥፈው ነበር እንዲህ ብሎ መጠየቅ የነበረበት።

ዓርብ

ከጁምዓ ስንወጣ አንድ ባልደረባዬ ጣቶቹን እያወዛወዘ ሰላም አለኝ። «ጠፍቷል እኮ» አልኩት በኩራት። «ኧረ አሁን ነው ያየሁት» አለኝ።

ቤት ገብቼ መፈለጊያው ላይ «ሰንበቴ» ብዬ ጻፍኩ። መስጊዱ አልመጣም፣ ገበያው አልመጣም። መጀመሪያ የመጣው የኔው ቪዲዮ ነው፤ በማላውቀው ሰው ቻናል፣ በገዛ ድምፄ። ርዕሱ ላይ አራተኛ ቃለ አጋኖ ጨምሮበታል።

እንዲነሣ አመለከትኩ። ቅጹ «የቪዲዮው ባለቤት አንተ ነህ?» ይላል። ባለቤቱ አባ ጀማል ናቸው ብዬ ልጽፍ ፈለግኩ፤ ለዚህ የሚሆን ቦታ የለውም። «አዎ» አልኩ። አፈርኩ።

ቅዳሜ

ነገ ሰንበቴ ላለመሄድ ያገኘኋቸው ምክንያቶች፦

የፈተና ወረቀት እርማት።
ዝናብ።
ጉንፋን (ገና አልጀመረኝም)።

ሰዓዳ ዝርዝሩን አነበበች። «ጫማህን ጠርጌልሃለሁ» አለችኝ።

እሑድ፣ ሰኔ 17

ሄድኩ። ባለፈው ሳምንት ሰው ወረፋ ይይዝላቸው የነበሩት አያ ሰይድ ኩታቸውን ትከሻቸው ላይ አጣጥፈው ብቻቸውን ቆመዋል። ሻጩ ሁሉ በፊታቸው እያለፈ ወደ ሌላ ደላላ ይሄዳል። አንዱማ እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ነው ያለፈው።

አባ ጀማል ከጎናቸው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ፊታቸውን ሳይደበዝዝ ሳየው መሬቱ ቢከፈትልኝ በወደድኩ።

«አባ ጀማል፣ አውፍ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ። አያ ሰይድ፣ እርስዎም።»

አያ ሰይድ ኪሴን ተመለከቱ። «ስልክህ የታል?»

«ቤት ትቼው መጣሁ።»

«ወላሂ በል።»

«ወላሂ።»

ባለቤታቸው እንዴት እንደሆኑ አባ ጀማልን ጠየቅኩ። «አልሐምዱሊላህ፣ መቀመጥ ጀምራለች» አሉ። ሀያትም አሁን በየቀኑ ከእናቷ ጋር ትነጋገራለች፤ ልምጣ ማለቷን ግን አልተወችም። ከዚያ በቀር አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

አያ ሰይድ ኩታቸውን ከትከሻቸው አወረዱ። «ኮቱ» አሉኝ፣ ና ማለታቸው ነው። «ካሳ አለብህ። እጅህን አምጣ።»

በገበያው መሀል! መጀመሪያ ከአባ ጀማል ጋር ከኩታው ስር ተነጋገሩ። ቀጥለው የኔን ጣት ያዙ። በቁጥሩ ደነገጥኩ። እኔም በተራዬ የአቅሜን ያዝኩ። ሰማይ አየሁ፤ ሁሉም ሰማይ እንደሚያይ ሰማይ አየሁ። ሰዉ ተሰበሰበ። ሁለተኛ ዙር ላይ ነፋስ መጣ። ማንም ሳይነግረኝ በግራ እጄ የኩታውን ጫፍ ጥርቅም አድርጌ ያዝኩ።

አባ ጀማል ይህን አዩ። «አውፍ ብያለሁ» አሉ።

ከከበበን ሰው አንዱ «በስንት ታረቃችሁ?» ብሎ ጮኸ። አያ ሰይድ «ነፋሱን ጠይቀው» አሉት። ሳቅ ሆነ። እኛ ሳንበተን አንድ ሽማግሌ ፍየላቸውን እየጎተቱ መጥተው አያ ሰይድ አጠገብ ቆሙ። ቆሙ እንጂ እጃቸውን ገና አልሰጡም።

ቅጂው ይነሣ አይነሣ አላውቅም። ስልኩን ከመጣሁ አልነካሁትም።

ካሳው ስንት እንደሆነ እዚህም አልጽፈውም። ሰዓዳ ግን ከበሩ ገና ሳልገባ «በስንት?» አለችኝ። እጄን በሻርፕዋ ስር አስገብቼ ነገርኳት። ጣቴን ይዛ ቆየች፤ አልተከራከረችኝም።