በቁምሽ ተለቀሰልሽ

እናቴ፣

ጉልበትሽ እንዴት ነው? ብርዱ ዘንድሮስ ማረሽ? ዶሮዎችሽስ ይጥላሉ? እኔ ደህና ነኝ፤ እንዲያውም ደህና መሆኔ ነው የሚያሳፍረኝ።

ለማረፍ ብዬ ወደ ራሮቶንጋ ደሴት መጥቼ ታንኳ ቀዛፊ ሆኜልሻለሁ። አትሳቂ! «አባትሽን ባሕር ወሰደው» ስትይኝ ስላደግሁ፣ መቃብሩን የማየው በዚህ ነው ብዬ ነው የጀመርኩት። መጀመሪያ ሰሞን አለቃችን ማማ ቴሬ፣ «አንቺ ነጭ፣ ባሕሩን አትደባብሺው፣ ቅዘፊው እንጂ!» ትለኝ ነበር። እዚያ ሰፈራችን «ጥቁሯ» ስባል አድጌ እዚህ «ነጯ» ስባል ሆድ ባሰኝ። ስቀዝፍ ስቀዝፍ ግን መዳፌ ሻከረ፣ እንቅልፌ ተመለሰ፣ ስድቡም ቁልምጫ ሆነ። ፊቴ በፀሐይ ከስሏል፤ ከልብሴ ማንገቻ ሥር ያለው ግን አሁንም ያንቺው ነጭ መልክ ነው።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። እዚህ ሳይጸለይ ታንኳ አይወጣም። አንድ ጠዋት ከጸሎት በፊት «እናትሽስ?» ሲሉኝ ዝም አልኩ። ለአንድ ጊዜ እንኳ ሙሉ ለሙሉ የእነሱ መሆን አማረኝ። ማማ ቴሬ የሞትሽ መስሏት አቅፋኝ አለቀሰች። ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ «የእናቷን ነፍስ ይማር» ሲባል፣ እኔ ልጅሽ «አሜን» ስል ከረምኩ። ይቅር በይኝ።

በውድድር ቀን በታንኳዋ አፍንጫ ላይ የአበባ ጉንጉን የምታስረው የአዲሷ ቀዛፊ እናት ናት። ማማ ቴሬ «በሟቿ ፈንታ እኔ አስርልሻለሁ» ስትለኝ አላስቻለኝም፤ ተናዘዝኩ። «አንቺ ቀጣፊ! በቁሟ አስለቀስሽን? እንባችንን መልሺ!» ብላ በመቅዘፊያው ቂጤን መታችኝና ሳቀች። «በይ ትምጣ፣ የተለቀሰላትን ያህል ትብላ!»

ስምሽን ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። ከኋላ ተቀምጦ የሚመራን ሽማግሌ፣ ፓፓ ናፓ፣ መቅዘፊያው ከእጁ ወደቀ። ስምሽን አስደገመኝ። ከዚያ አሸዋውን እያየ፣ «አሁንም ሾርባ ላይ ጨው ታበዛለች?» አለኝ።

ባሕር ወሰደው ስላልሽኝ አልተቀየምኩሽም እናቴ። እኔ ያንን አድርጌሽ በምን አፌ?

ውድድሩ ከፋሲካ በኋላ ባለው ቅዳሜ ነው። ነይልኝ። ጉንጉኑን ሌላ ማንም አያስረውም። ፓፓ ናፓም፣ በባዶ ደረቱ የምናውቀው ሰውዬ፣ ሸሚዝ እያሰፋ ነው።

እግዚአብሔር ጉልበትሽን ያጽናልኝ፣ መንገድሽን ያቅናልኝ።

ናፋቂሽ ልጅሽ