አባትየው የሰፋት ቁልፍ

ውድ እማዬ፣

ሰላምታዬ ከደጅ እስከ ጓዳ ይድረስሽ። እንዴት ነሽ? ጉልበትሽስ ደረጃ ለመውጣት እሺ አለሽ ወይስ እንዳኮረፈ ነው? አባዬንስ ሳሉ ተወው? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር እግዜር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ዛሬማ በደስታ የምሆነውን አጥቻለሁ።

አንቺ ‘አሁን ድኗል’ ብለሽ ጀምረሽ የሰው መታመም ኋላ እንደምትነግሪን፣ እኔም ከመጨረሻው ልጀምር፦ ፊልሜ ትናንት ታይቶ ሰው ብድግ ብሎ አጨበጨበ! ለሌሎች የፊልም ድርሰት እየጻፈች፣ ሲታይ ‘እንዲህ ብዬ ነው የጻፍኩት?’ እያለች ስትነጫነጭ የኖረችው ልጅሽ ይኸው ራሷ ዳይሬክተር ሆነች።

ታሪኩ ስለ አንድ አባትና ተጣልቶት ከቤት ስለወጣ ልጁ ነው። የሚሄደው ግን በተራ አይደለም፤ ዛሬን አሳይቶ አሥር ዓመት ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ደግሞ ይመጣል። ፕሮዲዩሰሩ የመጀመሪያዎቹ ተመልካቾች ግራ ከተጋቡ ትዕይንቶቹን በተራ በተራው አስደርድሮ ፊልሙን እንደ አዲስ እንደሚያስቆርጠው ቁርጡን ነግሮኝ ነበር። እኔም መላ ዘየድኩ፤ በጠቡ ቀን የአባትየው ኮት ቁልፍ ይበጠሳል። ቁልፉ ካለ ድሮ ነው፣ ከሌለ አሁን ነው።

ምን ዋጋ አለው! ልጁ ተመልሶ በሩን የሚያንኳኳበትን መጨረሻ ቀርጸን፣ የተከራየነውንም ቤት አስረክበን ስናየው ቁልፏ ኮቱ ላይ ጉብ ብላለች። ለካ የልብስ ኃላፊያችን፣ እጇ ሥራ መፍታት የማያውቅ ሴት፣ ‘ትልቅ ሰው እንዲህ ተዝረክርኮ ካሜራ ፊት ሲቆም ዝም ልበል?’ ብላ ሰፍታለታለች። ጮህኩባት። እሷ አለቀሰች፣ እኔም ኩምሽሽ አልኩ።

በማግስቱ ይቅርታ ልጠይቃት ስሄድ መርፌና ክር ይዛ አገኘኋትና መውጫው ታየኝ። ከማንኳኳቱ በፊት፣ ያስረከብነውን ቤት የማይፈልግ አንድ አጭር ትዕይንት ጨመርን፦ አባትየው ብቻውን ተቀምጦ፣ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አድርጎ፣ አሥር ዓመት መሳቢያ ውስጥ ያኖራትን ቁልፍ ይሰፋል። ትናንት ክሩ ሁለቴ ስቶት በሦስተኛው መርፌው ውስጥ ሲገባ አዳራሹ በአንድ ድምፅ ‘እሰይ!’ አለ። በሩ ሲንኳኳማ የማን እንባ ቀረ! ፕሮዲዩሰሩ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ አንዲትም ነገር እንደማይነካ ነገረኝ። የልብስ ኃላፊያችንን እየጎተትኩ መድረክ ላይ አወጣኋት።

ታላቅ እህቴን ከነልጆቿ ሰላም በይልኝ፤ ‘ከመጨረሻው የሚጀምር ፊልም ማን ያያል?’ ያለችውን አልረሳሁም። ታናሼን ሳሚልኝ፤ ቀሚሴንም ትመልስ።

ለአባዬ ይህችን ለብቻው አንብቢለት። ከቤት ስወጣ ‘ድርሰት ደግሞ ሥራ ነው?’ ብሎ ፊቱን አዞረብኝ፤ ግን ቁጭ ብሎ፣ ክሩን ሦስቴ በምራቁ እያረጠበ፣ የቦርሳዬን ማንገቻ ሰፋልኝ። ተዋናዩን ያስጠናሁት የእሱን እጅ ነው። ማንገቻውም እስከ ዛሬ አልተበጠሰም በይው።

ልጅሽ
ከፊልም መቁረጫው ክፍል ጥግ
ግንቦት 9 ቀን