በመንግሥት ወጪ ስለተገዛልን የአራት ሰከንድ ዝምታ

ለተከበሩ የዓለም አቀፍ ዘፈን ውድድር መራጭ ኮሚቴ ሊቀመንበር፣ ከነአባሎቻቸው፤

ሰላምታዬ ከወገብ ዝቅ ብሎ ይድረስዎ። ጉልበትዎ፣ ወገብዎ፣ በተለይም ጆሮዎ ደኅና ይሆን ዘንድ ምኞቴ ነው። እኔ ከገበያው ጀርባ ሱሪ የማሳጥር፣ ዚፕ የምቀይር ልብስ ሰፊ ነኝ። ዘንድሮ ሕዝቡ በስልክ ድምፅ የመረጣት፣ እናንተም ሳትወዱ ያጸደቃችኋት ዘፋኝ የእህቴ ልጅ ናት። ያንን ኤሌክትሮኒክ ዘፈን የሠራችው የስፌት መኪናዬን ድምፅ በስልኳ ቀድታ፣ በኮምፒውተር አፍጥናና አወፍራ ነው። ስለዚህ ከበሮ መቺው እኔ ነኝ ማለት ይቻላል፤ እስካሁን ግን እንኳን ደስ ያለህ ያለኝ የለም።

ዘፈኑ ያለው አንድ ቃል ነው፤ «ተነሱ»። ወንበር ይዘው ለማይለቁ ሁሉ የተዘፈነ ነው። ኮሚቴው በዚህ ዘፈን ላይ ስላፈሰሰው ድካም ምስጋናዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. ማንኛውም ዘፈን ከመሰማቱ በፊት መነበብ አለበት በሚለው የቆየ አሠራራችሁ መሠረት፣ የከበሮው ምት ሳይቀር ተጽፎ በሦስት ቅጂ እንዲቀርብ አዘዛችሁ። ልጅቷ «አጎቴ፣ ዱምን እንዴት አድርጌ ልጻፈው?» ብላ ልታለቅስ ስትደርስ፣ እኔና ቁልፍ የምትተክልልኝ ጎረቤቴ ሥራ ፈትተን ሁለት መቶ አሥራ ስድስት «ዱም» ጻፍን። እናንተም አርባውን በቀይ እስክሪብቶ ሰርዛችሁ፣ ጠርዙ ላይ «ስሜት ቀስቃሽ» ብላችሁ መለሳችሁልን። ከዚያች መኪና ጋር ሠላሳ ዓመት ስኖር የትኛው ዱሟ ጨዋ፣ የትኛው ባለጌ እንደሆነ አላውቅም ነበር። ዓይኔን ስለገለጣችሁልኝ እግዜር ይስጥልኝ።

2ኛ. «ተነሱ» የሚለው ቃል ወጥቶ በቦታው አራት ሰከንድ ዝምታ እንዲገባ ወሰናችሁ፤ የታረመውንም ቅጂ በሬዲዮ አስለቀቃችሁ። ከዚያ ወዲህ የሆነውን ምናልባት የመኪናዎ መስኮት ዝግ ስለሆነ አልሰሙ ይሆናል። ዝምታው በደረሰ ቁጥር ታክሲው በሙሉ ይሞላዋል። ትናንት ሱሪ ሊለካ የመጣ፣ ሰላምታ እንኳ በስስት የሚሰጥ ጭምት ሽማግሌ፣ ሜትሬ ወገቡ ላይ እንዳለ የሱቄ ሬዲዮ ዝምታው ላይ ሲደርስ በጣቱ ቆጥሮ ቆጥሮ «ተነሱ!» ብሎ ሲጮህ አፌ ውስጥ የያዝኩትን ስፒል ልውጠው ነበር። አንዲት ልጅ ብቻዋን ትለው የነበረውን ለከተማ ያከፋፈላችሁ እናንተ ናችሁ፤ እንዲህ ያለ ማስታወቂያ ከየት ይገኛል?

3ኛው ግን ቀልድ አልሆንልህ ብሎኛል። ባለፈው ማክሰኞ አንድ ወረቀት ደረሰን። ልጅቷ መድረክ ላይ ሆና በዚያች አራት ሰከንድ አፏን እንደምትዘጋ እስከ ዓርብ ካልፈረመች፣ ስለ ጨረቃ የሚዘፍን ተጠባባቂ ይተካታል ይላል። ይህች ልጅ ለዚህ መድረክ ስድስት ዓመት ሙሉ ቀን የሰው ኮሌታ ስትገለብጥ፣ በእረፍቷ ኮምፒውተር ላይ ስታጎነብስ ኖራለች። እናቷ «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም፤ ፈርመሽ ሂጂ» አለቻት። እኔ «እጅሽ ይሰበር እንጂ እንዳትፈርሚ!» አልኩ። እሷ ሁለታችንንም ዝም አስብላ ወረቀቱን ሦስት ጊዜ አነበበችና ፈረመች።

ፊርማዋ ከዚህ ጋር ተያይዟል። ቃሏን ትጠብቃለች፤ አፏን ትዘጋለች። ማይክሮፎኑን ግን ወደ አዳራሹ ታዞረዋለች፤ ወረቀታችሁ ስለ ማይክሮፎን አቅጣጫ ምንም አይልምና። አዳራሹ ቋንቋችንን አያውቅም ብላችሁ እንዳትጽናኑ። የታክሲዎቹ ቪዲዮ ባሕር ተሻግሮ፣ የውድድሩ አፍቃሪዎች ቃሉን ከእኛ ታክሲ ረዳት አጥርተው ይሉታል አሉ። ከቋንቋችን የሚያውቁት እሱኑ ብቻ ነው።

የኮሚቴው ዕድሜ እንደ ስብሰባው እንዲረዝም እየተመኘሁ፣ ለመቀስዎ ከባለ መቀስ የሚገባውን የሙያ አክብሮት አቀርባለሁ።

ታዛዥዎ፣ የዘፋኟ አጎትና ያልተሸለመው ከበሮ መቺ

ያልጨረስኩት ነገር፤ ለልዑካኑ ከፊተኛው ረድፍ አሥራ አንድ መቀመጫ መያዛችሁን ከጋዜጣ አነበብኩ። አዳራሹ ሲጮህ ካሜራው ወደ እናንተ መዞሩ አይቀርም። ከተቀመጡ «ለካ ስለ እነሱ ነው» ይባላል፤ ከተነሱ «ታዘዙ» ይባላል። የትኛውን እንደሚመርጡ አላውቅም፤ ብቻ ከጉዞው በፊት ሱሪዎን ይዘው ብቅ ይበሉ። ለዘመናት የተቀመጡበት ጨርቅ ድንገት ሲነሱ ይተረተራል።