«ይድናል» የሚለው ማልያ

ሐሙስ

ማልያዎቹ ታትመው መጡ። ደረታቸው ላይ «ቲቢ ይድናል»፣ ጀርባቸው ላይ «አናግልል»። የእሁዱን ጨዋታ ያዘጋጀነው ለአንተ ብለን ነው ይሉኛል የቡድኔ ልጆች። ሳልሞት ተዝካሬን ሊበሉ።

ዛሬ ጤና ጣቢያ ሄጄ ነበር። ነርሷ ውጤቴን አየችና «አሁን ለሰው አታስተላልፍም። መድኃኒትህን ሳታቋርጥ፣ ቀስ እያልክ ተጫወት» አለችኝ። ከደስታዬ ብዛት ባጃጅ ሳልይዝ እስከ ታይዋን ገበያ፣ እስከ ሱቄ ድረስ በእግሬ መጣሁ። እሁድ ጎል ላይ የምቆመው እኔ ነኝ።

ዓርብ

ለመስፍን ደወልኩ። የጤና ስፖርት ቡድናችን መሥራችም አምበልም እሱ ነው። ነርሷ ፈቅዳልኛለች አልኩት። እሱ ግን «አቦ ሶሌ፣ አንተኮ የክብር እንግዳችን ነህ። ወንበር ተዘጋጅቶልሃል» አለ።

ዐሥር ዓመት ሙሉ ጎል ላይ ስወድቅ ስነሳ የኖርኩት ለካ ወንበር ለማግኘት ኖሯል።

በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። እኔ አልሸሸግኩም። መድኃኒቱን አገኘሁ፣ ቡድኔን አጣሁ።

ሚስቴ «አትለማመጣቸው» አለችኝ። እሷም ብትሆን ብርጭቆዬን ለብቻው ነው የምታጥበው። ያላየሁ መስሏታል።

ቅዳሜ

አብዲ ሱቅ መጣ። ባጃጅ ነጂ ነው፣ ተከላካያችን፣ የልብ ጓደኛዬ። ማልያዬን ያመጣልኝ መስሎኝ ነበር፤ ባዶ እጁን ነው።

«አንድ ቁጥሩን ለአዲሱ በረኛ ሰጡት» አለ። «ወላሂ እኔ የለሁበትም።»

ልስቅ ስል ሳል ያዘኝ። አብዲ ሳያስበው ወደ ኋላ አለ። ማፈግፈጉን እኔም አየሁ፣ እሱም ማየቴን አየ። ከዚያ በኋላ ስለ ሙቀቱ አወራን።

እሁድ

ፀሐይዋ ሳትጠነክር ጀመሩ። ወንበሬን ከሰው ሁሉ ነጥለው ዛፍ ሥር አስቀምጠውታል። ለጥላው ነው አሉ። መስፍን በማይክ «የታመመ ወገናችንን አናግልል» ሲል ተመልካቹ በሙሉ ዞሮ አየኝ። አንዲት ሴትዮ ከንፈሯን መጠጠችልኝ።

አዲሱ በረኛ ሦስት ገባበት። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ሦስቴም ደስ አለኝ።

ከጨዋታ በኋላ ሁላችንም በአንድ ጣሳ ውሃ መጠጣት የቡድናችን ልማድ ነው። ያሸነፈም የተሸነፈም፣ እየተቀባበለ። ዛሬ ጣሳው የለም። ለእያንዳንዱ የታሸገ ውሃ ታደለ። «ለጤና ነው» አለ መስፍን። ነርሷ በዚያው ማይክ፣ ቲቢ በመጠጫ አይተላለፍም ብላ ገና መናገሯ ነበር።

አብዲ ወደ ወንበሬ መጣ። የጀመርኩትን ውሃ ሰው ሁሉ እያየ ከእጄ ነጥቆ ጠጣ። «ሞቋል አቦ» ብሎ መለሰልኝ። መስፍን አንገቱን ደፋ። እኔ እንባዬ መጣ፣ አልዋሽም።

በኋላ ልሄድ ስነሳ ከባጃጁ ጀርባ አየሁት። ጎንበስ ብሎ አፉን ይጉመጠመጣል፣ ይተፋል፣ ደግሞ ይጉመጠመጣል። አላየኝም።

ቤት ያደረሰኝም እሱ ነው። «በሚቀጥለው እሁድ ትጫወታለህ፣ እኔ አናግራቸዋለሁ» አለኝ። እሺ አልኩት።

እየፈራ ነው የጠጣው። ይሄ ይሻል ይሁን ይብስ፣ እስካሁን አልለየልኝም። ጓንቴን ግን አጥቤ አስጥቻለሁ።