ለሰላም ቬሎ ቀጭን መርፌ

ሰኞ፣ ጥር 18፣ ጠዋት

ዛሬም መርፌ ሰበርኩ። አትላስ አካባቢ ላለው ሆቴል የምሰፋው ሽርጥ ሸራ ነው፤ ሲደረብ 14 ቁጥር መርፌ አይችለውም። 18 አስገባሁ፣ ሄደ። ትከሻዬ ግን አልቻለም። ከሩዋንዳ ኤምባሲ ጀርባ ያለችው የስፌት ሱቄ ገና በጠዋቱ ትግላለች። ማስታወሻዬ፣ ከድካም ሌላ የምነግርሽ የለኝም ልል ነበር። አለ።

ታናሽ እህቴ ሰላም መጣች። ጀማልን አገባለሁ ስላለች አባባ ከቤት ካስወጧት ወዲህ አላየኋትም ነበር። ጀማል የወሎ ልጅ ነው፣ ሙስሊም፤ ለሚ ኩራ የግንባታ ዕቃ ይሸጣል። አባባ ደግሞ የቤ/ክ ሽማግሌ። ነጭ ሳቲንና ሽፎን በፌስታል ይዛለች። ቬሎዬን ስፊልኝ አለች። ኒካው፣ ጋብቻው የሚታሰርበት፣ እሁድ ነው። ሌላ ሰው እንዲሰፋው አትፈልግም።

እሺ አልኳት። ከወጣች በኋላ ነው ምን እንዳልኩ የገባኝ። ገርጂ አባባ ጋር ነው የምኖረው።

ማክሰኞ፣ 5 ሰዓት

ቆረጥኩ። ሳቲን ያንሸራትታል፣ ጠረጴዛ ላይ አይረጋም። ለሳቲኑ 11 ቁጥር መርፌ። ለሽፎኑ 9፣ ያውም አዲስ፤ ትንሽ የደነዘዘ እንደሆነ ክሩን ይስብና ጨርቁን ያኮማትረዋል። ገበሩ የሚለጠጥ ነው፤ እሱ ጫፉ ድቡልቡል የሆነ መርፌ ይፈልጋል፣ አለዚያ ስፌቱ ይዘላል። ይኼን ሁሉ አውቃለሁ። ማወቅ መች ቸገረኝ።

አባባ ቁርስ ላይ ስለ ሥራ ጠየቁኝ። ሽርጥ ነው አልኩ። ውሸት አይደለም። እውነትም አይደለም።

ረቡዕ፣ ከምሳ በኋላ

አበላሸሁት!

ሽርጡን ጨርሼ ዝዬ ነበር። 18ቱን ሳልቀይር የቬሎውን ደረት አስገባሁ። ስንዝር ሳይሄድ አየሁት፤ የቀዳዳ ረድፍ። ፈታሁት። ክሩ ወጣ፣ ቀዳዳው ቀረ። በጥፍሬ አሸት አሸት አደረግኩት፣ በእንፋሎት ተኮስኩት። ምንም። ሳቲን ትራፊ የለም። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ለጨርቁ ይሁን ለሌላ፣ እንጃ።

ለሰላም ደውዬ ነገርኳት። ትጮህብኛለች ስል ሳቀች። ከዚያ ጠየቀችኝ።

"እየሰፋሽልኝ እንደሆነ አባባ ያውቃሉ?"

"አያውቁም።"

"አንቺም ትደብቂኛለሽ ማለት ነው።"



ሐሙስ፣ 8 ሰዓት

ከእጅጌው የተረፈ ሽፎን ነበር። እጥፍ እጥፍ አድርጌ ደረቱ ላይ ደረብኩት። መርፌ 9። መጀመሪያ ቁራጭ ላይ ሞከርኩ። ከዚያ የማሽኑን መዘውር በእጄ እያዞርኩ፣ ቀስ እያልኩ። አማረ። እንዲያውም ከፊቱ ይሻላል።

ቀና ስል አባባ በሩ ላይ ቆመዋል። የሱሪያቸው ዚፕ ተበላሽቶ ነው የመጡት። ቬሎው ጭኔ ላይ ነው። የማን ነው አሉ። የደንበኛ ልል አፌን ከፍቼ ነበር።

"የሰላም ነው፣ አባባ።"

"መቼ ነው?"

"እሁድ።"

እጃቸውን ዘረጉ። ሊነኩት መስሎኝ ነበር። ሱሪውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

"እኔ ምንም አላየሁም። አንቺም አልነገርሽኝም።"

ሄዱ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ዓርብ

የሱሪውን ዚፕ ቀየርኩ። ሱፍ ነው፤ 14 ይበቃዋል። ሰላም መጥታ ቬሎውን ለካችው። ትከሻው ልክ። ወገቡ ሰፋ፤ ከስታለች። አጠበብኩላት። እሁድ ትመጫለሽ ብላ አልጠየቀችኝም። ሥራ ከያዘሽ ይገባኛል ነው ያለችው። እሁድ እንደማልሠራ ታውቃለች።

ፌስታሉን አቅፋ ታክሲ ስትጠብቅ ከሱቁ ሆኜ አየኋት። አልተጣራሁም። ለምን? ደክሞኝ።

ቅዳሜ፣ 11 ሰዓት

ሱሪውን ለአባባ ሰጠሁ። ዚፑን ከፍ ዝቅ አድርገው አዩት፣ ተባረኪ አሉ። ነገ ከቤ/ክ መልስ ምሳ አብረን እንበላለን አሉ፤ ምንም እንደሌለ። ነገሩ እንዲህ ተድበስብሶ ሊያልፍ ነው። እሳቸው እንዳላዩ፣ እኔ እንዳልነገርኩ። እስከ መቼ? አልቻልኩም።

"ነገ አልኖርም፣ አባባ። ሰላም ጋ ነኝ። ይኸው ነገርኩዎት።"

መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ገለጡ። አላነበቡም፤ ገጹን አልገለበጡም።

"ነገ ስንት ሰዓት ነው?"

"አራት ሰዓት።"

"እሁድ ጠዋት ወደ ለሚ ኩራ ታክሲ አይገኝም። በጊዜ ውጪ።"

ሌላ አልጨመሩም። እሳቸው አይመጡም፣ አውቃለሁ። ሰላምታም አልላኩላትም። እኔ ግን እሄዳለሁ። መብራት ሳይጠፋ ሰማያዊ ቀሚሴን ልተኩስ።