ሐይቁን ስላዩልን እናመሰግናለን

ለክቡር አቶ ሃራላምቢ ኮዝማ
የአውራጃው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል? ቁርጭምጭሚትዎስ እንዴት ሆነልዎት? በጣሊያኑ ጉዞ፣ ከሐይቁ መርከብ ሲወርዱ ወለም ብሎዎት ሁለት ሳምንት በከዘራ መሄድዎን ስንሰማ በፕሎፕሼኒ መንደር ያላዘነ ሰው አልነበረም። እግዚአብሔር ጤናዎን እንዲመልስልዎ፣ ባለቤትዎን በደስታ እንዲያኖርልዎ፣ ወንበርዎንም እንዲያጸናልዎ ከልቤ እመኛለሁ።

እኔ በፕሎፕሼኒ ትምህርት ቤት ሃያ ሁለት ዓመት ሂሳብ ያስተማርኩትና የአምስተኛ ክፍል ኃላፊ የሆንኩት ፕሮፊራ ኡንጉራሹ ነኝ። ባለፈው ሰኞ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያዎ ደርሶኛል። የትምህርት ቤቱን ሰነዶች ያለ ፈቃድ ከአገር ለምን እንዳስወጣሁ በአሥር ቀን ውስጥ በጽሑፍ እንዳብራራ አዘዋል። ትእዛዝዎን በደስታ እፈጽማለሁ። ከዚህ በፊት የጻፍኳቸው አምስት ደብዳቤዎች በጽሕፈት ቤትዎ መሳቢያ ውስጥ መንገድ ስለጠፋባቸው፣ ይህኛው እንዳይደናገር ብዬ አንዱን ቅጂ ለጋዜጣ ሰጥቻለሁ፤ ሌላውንም በመንደራችን ሱቅ በር ላይ ለጥፌዋለሁ።

በመንደራችን እናቶች የሚኖሩት በስልክ ውስጥ መሆኑን ክቡርነትዎ ያውቃሉ። ከክፍሌ ዐሥራ ዘጠኝ ልጆች የዐሥራ አንዱ እናቶች በአንዲት የጣሊያን ከተማ፣ በሞንተሬላ፣ የሰው ሽማግሌና አሮጊት ይጦራሉ። አንዷ ሄደች፣ እህቷን ጠራች፣ እህቷ ጎረቤቷን ጠራች፤ በዚህ ዓይነት መንደሩ ተጠራርቶ አለቀ። ልጆቹን የሚያሳድጉ አያቶች አሉ፤ እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጣቸው። ነገር ግን የልጅ ልጃቸውን የውጤት ካርድ ሲሰጧቸው መነጽር ፈልገው፣ አጥተው፣ ሳይፈርሙ ባዶውን ይመልሱታል። «ወላጅ ይዘሽ ነይ» የሚለውን ቃል ከአፌ ካወጣሁ አምስት ዓመት አልፎኛል፤ ከየት ይዛ ትምጣ?

ስለዚህ ከአራት ዓመት በፊት ለሞንተሬላ ትምህርት ቤት በተሰባበረ ጣልያንኛ ደብዳቤ ጻፍኩ። ኦርኔላ ባሴቲ የምትባል መምህርት መለሰችልኝ። ተጻጻፍን፣ ሁለቱ ትምህርት ቤቶች እኅትማማች ሆኑ፣ የመምህራን ልውውጥ ጉብኝት እንዲፈቀድልን ሰባ ገጽ ቅጽ ሞላን። ርእሱ «እናቶቻቸው በሩቅ አገር የሚሠሩ ልጆችን እንዴት እናስተምር» የሚል ነበር። ተፈቀደ። በመርሐ ግብሩ መሠረት የእኛ መምህራን በመጋቢት ወር ለአንድ ሳምንት ወደዚያ ይሄዳሉ፤ ረቡዕ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይም ከዐሥራ አንዱ እናቶች ጋር የወላጆች ስብሰባ ያደርጋሉ። ከሰባው ገጽ ውስጥ ለእኔ ነፍስ የነበረው ያ አንድ መስመር ነው።

እንግዲህ ቅሬታ ለማለት ድፍረቱ ስለሌለኝ፣ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላቅርብ።

አንደኛ፤ ከጉዞው ድካም ስላሳረፉኝ አመሰግናለሁ። ለጉዞው ዘጠኝ ቀን ሲቀር የቋንቋ የምስክር ወረቀት የለሽም ተብዬ ስሜ ተሰረዘ። እውነት ነው፣ ጣልያንኛን የተማርኩት ከወረቀት አይደለም። በእኔና በሌሎቹ መምህራን ምትክ እርስዎ፣ ምክትልዎ፣ የአውራጃው ስታዲየም ሥራ አስኪያጅና የእኛው ዳይሬክተር አቶ ዲዮኒሴ ተመደባችሁ። ከአራታችሁ አንዳችሁም ቋንቋውን ስለማታውቁ፣ ምክትልዎ ወደ እኔ መጥተው የሚያስፈልጉ ዐሥር ዐረፍተ ነገሮችን በራሳችን ፊደል እንድጽፍላቸው በትሕትና ጠየቁኝ። ጻፍኩላቸው። የመጀመሪያው «እናቶቹን ልናገኝ ነው የመጣነው» የሚል ነበር። ኋላ ኦርኔላ እንደነገረችኝ ዘጠኙን በሚገባ ተጠቅማችሁባቸዋል።

ሁለተኛ፤ እናንተ በሄዳችሁበት ሳምንት የአቶ ዲዮኒሴን ክፍሎች ደርቤ የማስተማር ዕድል ስለሰጡኝ አመሰግናለሁ። ከመሄዳቸው በፊት የዐሥራ አንዱን ልጆች የውጤት ካርድ በአንድ ቦርሳ አድርጌ ሰጥቻቸው ነበር፤ በእያንዳንዱ ካርድ ውስጥም ለእናትየው ስለ ልጇ ሊነገራት የሚገባውን፣ ደጉንም ክፉውንም፣ በአንድ ገጽ ጽፌ አስገብቼ ነበር። አቶ ዲዮኒሴ ቦርሳውን ራሳቸው ይዘው እንደሚሰጡ ቃል ገቡልኝ። ክፉ ሰው አይደሉም። ክፉ ቢሆኑ ኖሮ ይህን ያህል አልናደድም ነበር።

ያን ረቡዕ ዐሥራ አንዱም እናቶች መጡ። ከሚጦሯቸው ሰዎች ቤተሰቦች የግማሽ ቀን ፈቃድ ለማግኘት ሦስቱ የእሑድ ዕረፍታቸውን ለውጠዋል። ሳፍታ የምትባለው፣ የተማሪዬ የኢሊንካ እናት፣ የምትጦራቸውን የዘጠና ዓመት ሽማግሌ የሚጠብቅላት አጥታ በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋች ይዛቸው መጣች። እናቶቹ ፀጉራቸውን ተሠርተው፣ የፋሲካ ዳቧችንን ጋግረው፣ በልጆች ትንንሽ ወንበሮች ላይ ጉልበታቸውን አጥፈው ተቀመጡ። ስምንት ሰዓት ሆነ። ዘጠኝ ሆነ። ሽማግሌው በየግማሽ ሰዓቱ ሙሽሮቹ ደረሱ ወይ እያሉ ይጠይቁ ነበር። ኦርኔላ ወደ ሆቴላችሁ ደጋግማ ደወለች፤ እንግዶቹ ጠዋት ለሐይቅ ሽርሽር እንደወጡ ተነገራት። እስከ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ጠበቁ።

ኦርኔላ በእፍረት ይቅርታ ስትጠይቃቸው ሳፍታ የመለሰችላትን ኦርኔላ ራሷ በዚያው ምሽት ደውላ ነገረችኝ። «ለእኛ አትዘኚ» አለቻት። «እኔ ልጄን በየቀኑ በስልክ አያታለሁ። ዛሬ የመጣሁት ልወቀስ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ አንድም አስተማሪ 'ልጅሽ ሂሳብ አልገባትም፣ ምን እያደረግሽ ነው?' ብሎኝ አያውቅም።»

ክቡር ሆይ፣ ይህን ዐረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ሰርዤዋለሁ፤ በትሕትና የሚጻፍበትን መንገድ ስላጣሁ እንዳለ ትቼዋለሁ።

አቶ ዲዮኒሴ ሲመለሱ ቦርሳውን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡት። የቦርሳው ማሰሪያ እኔ እንደቋጠርኩት ነበር። ምን ሆኖ ነው ብዬ ገና አፌን ሳልከፍት «ፕሮፊራ፣ በልጆችሽ ይሁንብሽ አትጠይቂኝ» አሉኝ። «መርከቡ ላይ ሆኜ ሰዓቴን አይ ነበር። እንመለስ ለማለት አፌ አልታዘዘኝም።» ከዚያ በኋላ ሁለታችንም ወደ ክፍላችን ገባን።

ሦስተኛ፤ በግንቦት ወር ኦርኔላና ሁለት ባልደረቦቿ በተራቸው ሲመጡ ላደረጉላቸው አቀባበል አመሰግናለሁ። የትምህርት ቤታችን አጥር ለመጀመሪያ ጊዜ ቀለም አየ፤ እርግጥ በመንገዱ በኩል ያለው ብቻ ነው፣ የውስጡን እኛ ስለለመድነው ነው። ልጆቹ በሂሳብ ክፍለ ጊዜዬ ሁለት ሳምንት መዝሙር አጠኑ። እንግዶቹ ግን በትምህርት ቤቱ አርባ ደቂቃ ብቻ ከቆዩ በኋላ በመኪና ተጭነው ሠላሳ ኪሎ ሜትር ርቆ ወዳለው የእንግዳ ማረፊያ ለምሳ ተወሰዱ። እኔ አልተጋበዝኩም፤ ቦታ ጠቦ ነው ተብያለሁ።

በሁለተኛው ንግግርና በሦስተኛው ሳህን መካከል ኦርኔላ እጄን ልታጠብ ብላ ተነሣች፤ በማዕድ ቤቱ በር ወጣች። ዳቦ አከፋፋዩን ለምና በዳቦ መኪና ዐሥር ሰዓት ላይ ከቤቴ ደጃፍ ወረደች። ቀሚሷ ዱቄት ለብሶ ነበር። በእኛ ቋንቋ ለአራት ዓመት የተማረችውን ሁሉ አጠራቅማ «ካርዶቹን ስጪኝ» አለችኝ።

ሰጠኋት። ማኅተም የለው፣ የመሸኛ ደብዳቤ የለው፣ የወጪ ቁጥር የለው። ጥፋቴን አልክድም፤ በልብሶቿ መካከል ጠቅልላ ስታስገባቸው ሻንጣውን የዘጋሁት እኔ ነኝ።

በሚቀጥለው እሑድ እናቶቹ በኦርኔላ ቤት ተሰበሰቡ፤ እኔ በስልክ ነበርኩ። አንድ በአንድ እየጠራሁ አራት ሰዓት ሙሉ የወላጆች ስብሰባ አደረግን። አልሸነገልኳቸውም። አንዷን ልጅሽ ይዋሻል አልኳት፤ ሌላዋን ልጅሽ ከእኔ የተሻለ ጭንቅላት አለው፣ ወደ ከተማ ትምህርት ቤት እንዲገባ ተዘጋጂ አልኳት። ሳፍታን ወቀስኳት። አለቀሰች፤ ይቅርታ ልጠይቃት ስል «አይ፣ ቀጥይ» አለችኝ። ከዚያ ፈረሙ። ካርዶቹን በየሳምንቱ ዕቃ የሚያመላልሰው ሚኒባስ ሹፌር ከአንድ ብስክሌትና ከሦስት ከረጢት ልብስ ጋር ጭኖ በአራተኛው ቀን አደረሰልኝ። አንድም አልጠፋ፣ አንድም አልታጠፈ።

በኢሊንካ ካርድ ላይ ሂሳብ ከዐሥር አራት ይላል። ከጎኑ ሳፍታ «አይቻለሁ። ከነገ ጀምሮ ጠዋት ከትምህርት በፊት በስልክ አብረን እንሠራለን። እናቷ» ብላ ጽፋለች። ልጅቷ ካርዱን ተቀብላ ወደ ኮሪደሩ ወጣች፤ ቆየች። ስትመለስ ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆማ «መምህርት፣ እናቴ ተቆጥታኛለች» አለችኝ። ፊቷ በርቶ ነበር። እንደዚያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም። በመጨረሻው ፈተና ስድስት አግኝታለች። ተአምር አይደለም፤ ስድስት ነው።

የማብራሪያዬ ሙሉ ቃል ይኸው ነው። ሰነዶቹን ያስወጣሁት ባለቤቶቻቸው ውጭ ስለሆኑ ነው።

አራተኛውን ላሳጥረው። የፕሮጀክቱ አስተባባሪ አሁንም በወረቀት እኔ ስለሆንኩ፣ ማስጠንቀቂያው በደረሰኝ ማግስት የመጨረሻውን ሪፖርት እንድፈርም ልከውልኛል። በዐሥራ አራተኛው ገጽ ላይ «ልዑኩ ከዐሥራ አንድ እናቶች ጋር ሞቅ ያለ ውይይት አካሂዷል» ይላል፤ ከሥሩ ፎቶግራፍ አለ። በፎቶው ላይ የሚታዩት ሴቶች የምግብ ቤት አስተናጋጆች መሆናቸውን የለበሱት ሽርጥ ይመሰክራል፤ እነሱም ቢሆኑ የሰው ልጆች ናቸውና ውይይቱ ሞቅ ማለቱን አልጠራጠርም። ምክትልዎ ስልክ ደውለው ጡረታዬ ስምንት ዓመት እንደቀረውና በተራራው ጫፍ ያለው ትምህርት ቤት የሂሳብ መምህር እንደሚፈልግ በወንድማዊ ፍቅር አስታውሰውኛል። ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም ብል አልዋሸሁም፤ ፈሪ ሴት ነኝ፣ የታመመ ባልም አለኝ።

ሪፖርቱን ሳልፈርም መልሼዋለሁ። ልፈርምበት በተተወልኝ ቦታ ላይ የዐሥራ አንዱን እናቶች ስም፣ በስማቸውም አንጻር እያንዳንዳቸው የጠበቁበትን ሰዓት ጽፌአለሁ። አቶ ዲዮኒሴ ይህን ሰምተው ወደ ቤቴ መጡ። ሊገሥጹኝ መስሎኝ ነበር፤ ለራሴ ካስቀረሁት ቅጂ ሥር «ትክክል ነው፣ ነበርኩ» ብለው ፈርመው ሄዱ። እስካሁን ከጽሕፈት ቤትዎ መልስ አልመጣም። ማስጠንቀቂያውን ግን ተቀብያለሁ፤ በማኅደሬ ውስጥ በጥሩ ቦታ ይቀመጥልኝ። ለሚመጣው ዓመት ሁለተኛውን ስለሚያዘጋጁ ከአሁኑ ላሳውቅዎ፦ ቀጣዩ የወላጆች ስብሰባ በኅዳር ወር የመጀመሪያው እሑድ ነው፤ ካርዶቹ ያለ ፈቃድዎ ይወጣሉ።

ለአውራጃችን ልጆች ሲሉ ባሕር ተሻግረው የደከሙት ድካም ዘመን የማይሽረው መሆኑን እያረጋገጥኩ፣ ከተራራው ጫፍም ሆነ ከዚሁ ከሜዳው፣ በተመደብኩበት ሁሉ ታላቅ አክብሮቴ የማይለይዎት፣

ፕሮፊራ ኡንጉራሹ
የሂሳብ መምህርት፣ ፕሎፕሼኒ

ድኅረ ጽሑፍ፦ እናትዎን የምታስታምምልዎት አግሪፒና የእኛው መንደር ልጅ ናት። ሴት ልጇ ስድስተኛ ክፍል ትማራለች፤ የልጅቷ ካርድም ሁለት ዓመት ያለ ወላጅ ፊርማ ቆይቷል። እዚሁ መንደር የሚደረገው የወላጆች ስብሰባችን ሐሙስ ሐሙስ ሲሆን፣ ሐሙስ ደግሞ ቤትዎ እንግዳ የሚበዛበት ቀን ነው ብላኛለች። ከቤትዎ እስከ ትምህርት ቤታችን በአውቶቡስ ሃምሳ ደቂቃ ነው። ለዚህኛው ጉብኝት ሰባ ገጽ ቅጽ መሙላት አያስፈልግም፤ «ሂጂ» ይበሏት።