የሙከራ ሰው ስላለመሆኔ

ለአሩጎት የሕክምና ድጋፍ ድርጅት
ለዋና ሥራ አስኪያጁ ለክቡር አቶ ይሻይ
ፔታሕ ቲክቫ

ቀን፦ ጃንዋሪ 19 ቀን 2026

ጉዳዩ፦ በኮምፒዩተራችሁ ውስጥ «ለሙከራ» ተብሎ ምልክት የተደረገበት ፋይል የእኔ የሕያዋ ሴት ፋይል ስለሆነ፣ ወደ አዲሱ ኮምፒዩተር ሳይዛወር እንዳይቀርብኝ ስለመጠየቅ

እኔ አመልካች ወይዘሮ ባንቺአየሁ እንዳላማው የክፋር አቭራሃም ነዋሪ ስሆን፣ ከዚህ በታች ያለውን አቤቱታዬን በታላቅ አክብሮት አቀርባለሁ። የምጽፈው በአማርኛ ነው። ልጄ ኦሻራት ወደ ዕብራይስጥ ትመልሰዋለች፤ ሳትጨምር ሳትቀንስ እንድትመልሰው አደራ ብያታለሁ። «እማ፣ ይህንን ለሥራ አስኪያጅ አይጽፉም» ስትለኝ ብትቆይም፣ የተቆጣሁበትን ቦታ ሁሉ እንደተቆጣሁ ትተወው ብያለሁ።

1. ባለቤቴ አቶ ታከለ ኩላሊቱ ከታመመ ዓመታት አልፈዋል። እሑድ፣ ማክሰኞና ሐሙስ ደሙን ለማሳጠብ ይሄዳል፤ የሚወስደውም የሚመልሰውም የእናንተ ሞኒት፣ ታክሲያችሁ ነው። ሹፌሮቻችሁ ጨዋዎች ናቸው፤ በእነሱ ላይ የምናገረው ክፉ ነገር የለኝም። ወደዚህ አገር ስንገባ እኔ ቀድሜ፣ ታከለ ዘግይቶ ስለመጣ፣ የቤቱ ኃላፊ እኔ ተብዬ ተመዘገብኩ፤ እሱም በእኔ ፋይል ሥር ገባ። ስለዚህ መኪናው የሚታዘዘው በእኔ ስም ነው። እኔ ከሌለሁ ታከለም የለም፤ መኪናም የለም። ክቡርነትዎ ይህን አንድ ነገር ከያዙልኝ ሌላው ሁሉ ማብራሪያ ነው።

2. የድርጅታችሁ አባል የሆንኩት በመጣሁ ሰሞን ነው። ከዚያ ጀምሮ የማይገቡኝ ነገሮች ሲመጡልኝ ኖረዋል። ከወሊድ ዕድሜ አልፌ ሳለሁ፣ መንትዮች ስለወለድሽ እንኳን ደስ ያለሽ የሚል ካርድ ደረሰኝ። ታከለ ካርዱን ፍሪጅ ላይ ለጥፎት የጎረቤት መሳቂያ ሆንኩ። ሌላ ጊዜ ሰው ሠራሽ እግር በካርቶን ታሽጎ በራችን ላይ ተቀምጦ አገኘሁ። የግራ እግር ነው። እኔ ሁለቱም እግሮቼ አሉ፤ ወደዚህ አገር ስገባም በእነሱ ነው የገባሁት። ኑና ውሰዱ ብዬ ብደውል ብደውል የሚሰማኝ ስላጣሁ፣ የሰው ንብረት ነውና ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀመጥኩት። አንድ ጊዜማ በእኔ ሞት የተሰማችሁን ጥልቅ ሐዘን ለታከለ ገለጻችሁለት። ደብዳቤውን ያነበብኩለት እኔ ነኝ። ዝም አይነቅዝም ብዬ ዝም አልኩ። የአገሩ አሠራር መስሎኝ ነበር።

3. ባለፈው ዲሴምበር አንድ ማክሰኞ መኪናው ቀረ። ደወልኩ። ስልኩን ያነሣችው ልጅ የቴውዳት ዜሁቴን፣ የመታወቂያዬን ቁጥር ደጋግማ ጻፈችና፣ ጊቬሬት፣ በማህሼቩ፣ ማለት በኮምፒዩተሩ ውስጥ የለሽም አለችኝ። ታዲያ አሁን የምታናግሪው ማንን ነው ብላት፣ እሱን ማህሼቩ አይልም አለች። ኦሻራት ከኤም ሃሞሻቮት ሰፈር ሥራዋን ጥላ መጥታ አባቷን ብታደርሰውም፣ ሰዓቱ አልፎ ተራው ለሌላ ሰው ተሰጥቶ ነበር፤ ነገ ተመለሱ ተባልን። እስከ ማግሥቱ እግሩ አብጦ ጫማ አልገባው አለ፤ ትንፋሹም አጠረ። እሱ «አይዞሽ፣ ደህና ነኝ» ይለኛል፤ ለመናገር ግን በየቃሉ መሐል ያርፋል። ፈራሁ፣ ክቡርነትዎ። በጣም ፈራሁ።

4. በዚያው ሳምንት ከኦሻራት ጋር ወደ ሚስራዳችሁ፣ ወደ ቢሯችሁ መጣን። ስሜ ሲጠራ ከውስጥ አንዲት ሴት እየሮጡ ወጡ። ወይዘሮ ሳሪት ይባላሉ፤ የድሮውን ትልቁን ኮምፒዩተር ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲጠግኑ የኖሩ ናቸው። መታወቂያዬን አዩ፣ እኔን አዩ፣ እንደገና መታወቂያውን አዩ። «ባንቺአየሁ? አለሽ እንዴ?» ብለው አቅፈው ሳሙኝ። እኔ ሴትዮዋን በዓይኔ አይቻቸው አላውቅም።

እንደነገሩኝ ከሆነ፣ የድሮው ኮምፒዩተር የተጻፈበትን ቋንቋ የሚያውቁት ሰዎች ወይ ጡረታ ወጥተዋል ወይ ሞተዋል። የቀሩት አንድ ነገር በጠገኑ ቁጥር፣ መሥራቱን ለማየት በአንድ ሰው ፋይል ላይ መሞከር አለባቸው። በልባቸው የፈጠሯቸው የሙከራ ሰዎች ሁሉ ስማቸው አጭር፣ ልደታቸው የታወቀ ስለነበረ፣ ስሕተት ቢኖር እንኳ አያሳዩም። እኔ ግን ሁሉ ነገሬ አስቸጋሪ ነው። ስሜ ከተሰጠው ቦታ ይተርፋል። ስገባ የመዘገበኝ ጸሐፊ መቼ ተወለድሽ ሲለኝ፣ እናቴ በእህል መውቂያ ጊዜ ነው ትላለች ብዬ መለስኩለት፤ እሱም ዓመቱን ገምቶ ወሩንና ቀኑን ዜሮ አደረገው። ጎንደር በሽማግሌ ፊት ስንጋባ ወረቀት አልተሰጠንም፤ ስለዚህ እዚህ ሲጽፉን ጋብቻችን ከልጃችን ልደት በኋላ ሆነ። እንግዲህ ጥገናውን ሁሉ በእኔ ይሞክሩት ነበር። «ባንቺአየሁን ካለፈ ሁሉን ያልፋል» ይባባሉ ነበር አሉ። መንትዮቹም፣ እግሩም፣ ሞቴም የእነሱ ሙከራ ነው፤ ሞክረው ማጥፋት ሲገባቸው አንዳንዴ ይረሱታል። የወሩን ሒሳብ እንዳላበላሽባቸውም ፋይሌ ላይ «ለሙከራ» የሚል ምልክት አደረጉ። እንዲህ ያለ ሰው በእውነት ይኖራል ብለው አላመኑም፤ ከእነሱ በፊት የነበረ ቀልደኛ ሠራተኛ የፈጠረኝ መስሏቸው ነበር።

ወይዘሮ ሳሪት አልቅሰው ይቅርታ ጠየቁኝ፤ እኔም ከልቤ ይቅር ብያቸዋለሁ። እውነቱን ለመናገር ትንሽ ኮራ ብያለሁ። ግን ደግሞ አንጀቴ አሯል። ኧረ ሰው አይደለሁም ወይ? አንድ ቀን ስልክ ቢመቱልኝ፣ አቤት፣ አለሁ እላቸው ነበር።

5. አሁን ድርጅታችሁ ከድሮው ኮምፒዩተር ወደ አዲስ እየተዛወረ ነው። ዝውውሩን የሚመራው ዶር የተባለ ወጣት ነው። ትሑት ልጅ ነው፤ ወንበርም ውኃም አቀረበልን። የሙከራ ፋይሎች ወደ አዲሱ እንዳይገቡ ተወስኗል፤ በዲሴምበር ዝውውሩን ሲለማመዱም እኔ ከእነዚያ ጋር ቀረሁ። መኪናው የጠፋብን በዚህ ምክንያት ነው። ለጊዜው ወደ ድሮው መልሰውኛል፤ ከዚያ ወዲህ መኪናው ሳያጓድል ይመጣል። ነገር ግን እሑድ ፌብሩዋሪ 1 ቀን የድሮው ኮምፒዩተር ይዘጋል፤ ዳግመኛም አይከፈትም።

ምልክቱን አንሣልኝ ብዬ ለመንኩት። ምልክቱ ቢነሣም አዲሱ ኮምፒዩተር፣ ከሞተች በኋላ ሐኪም ዘንድ የሄደች ሴት አይቀበልም አለኝ። መፍትሔ አለኝ አለ፦ ንጹሕ ፋይል እንደ አዲስ ሰው ይከፈትልሽ። በሰደር፣ እሺ አልኩት። ልፈርም እስክሪብቶ ሳነሣ ኦሻራት እጄን ያዘችኝ። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ ማለት ይኸው ነው። ወረቀቱ፣ እስከ ዛሬ የነበረችው ባንቺአየሁ እኔ እንዳልሆንኩ የሚያረጋግጥ ነው። አዲሲቱ ባንቺአየሁ ባል የላትም። ባሏን ለማስገባት ሌላ ማመልከቻ አለ፤ ለመኪናው ደግሞ ስድስት ወር ወረፋ። ታከለ ስድስት ወር ቀርቶ አንድ ሳምንት ያለ እጥበት አይቆይም። የድሮው ፋይሌስ ምን ይሆናል ብዬ ብጠይቀው፣ እሱን አንጥለውም፣ አዲሱን ለመሞከር በጣም ይጠቅመናል አለኝ። ወይ ጉድ! ለሙከራይቱ ቦታ አላችሁ፤ ለእኔ ግን የላችሁም።

6. ስለዚህ ክቡርነትዎ የሚከተለውን እንዲያዙልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

ሀ. ወይዘሮ ሳሪት በዚህ ወር መጨረሻ ጡረታ ይወጣሉ። ከመውጣታቸው በፊት እሳቸው፣ ዶርና እኔ አንድ ላይ ተቀምጠን ፋይሉን ከላይ እስከ ታች እንድናየው። እነሱ ያንብቡ፤ እኔ የእኔ የሆነውን የእኔ ነው፣ ያልሆነውን አይደለም እላለሁ። መንትዮቹ የእኔ አይደሉም። እግሩን ይዤው እመጣለሁ። አልሞትኩም። ታከለ የልጅነት ባሌ ነው፤ እሱ የእኔ ነው፤ እሱን አትንኩብኝ።

ለ. ይህ እስኪያልቅ ድረስ የታከለ መኪና በእጅ በተጻፈ ትእዛዝ እንዲላክ። ሹፌሩ ቤታችንን ያውቀዋል፤ ኮምፒዩተር አያስፈልገውም።

ሐ. ከዚያ በኋላ አዲሱን ኮምፒዩተር በእኔ መሞከር ከፈለጋችሁ እምቢ አልልም። ለሌላው ሰው የሚበጅ ከሆነ ይሁን። ግን ቀድማችሁ ጠይቁኝ።

7. ፌብሩዋሪ 1 እሑድ ነው፤ የታከለ ተራ ነው። እሱ ይህን ሁሉ አያውቅም፤ የዲሴምበሩን የአንድ ቀን ስሕተት ነው ብሎ ትቶታል። ቢያውቅ «ፈርሚላቸው፣ ለእኔ ብለሽ ከሰው አትጣዪ» ይለኛል፤ አውቀዋለሁ። ስለዚህ የነገርኩት፣ በዚያን ዕለት መኪናው ትንሽ ሊዘገይ ይችላል ብዬ ብቻ ነው። «ይዘግይ፣ እጠብቃለሁ» አለኝ። ይጠብቃል። ጠዋት ታጥቦ፣ ጃኬቱን ለብሶ፣ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል፤ ታከለ ሰው ያምናል። ክቡርነትዎ፣ በትዳር ዘመናችን ሁሉ ዋሽቼው አላውቅም። እባክዎ ውሸታም አያድርጉኝ።

ከከበረ ሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
ባንቺአየሁ እንዳላማው
ክፋር አቭራሃም፣ ፔታሕ ቲክቫ

ግልባጭ፦
ለወይዘሮ ሳሪት (ጡረታ ሳይወጡ እንዲደርሳቸው)